አስቸኳይ፦ ደሴ ላይ የፒዛ ኦቨን እሳቱ ቢጫ ሆነብኝ፣ ልጆቹን ራስ ምታት ያዛቸው

የጦሳ ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ቅዳሜ ቤቱን ልከፍት ነው። ተጓዥ የሚሉት የጋዝ ኦቨን፣ ያ ፒዛው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል በስሎ የሚወጣበት፣ ያገለገለ ገዝቼ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ዛሬ ጠዋት ለኮስነው። መጀመሪያ ደህና ነበር። ቆየት ሲል እሳቱ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ይውለበለብ ጀመር፣ የጭስ መሳቢያው አዲስ ላሜራ ጥላሸት ለበሰ። ሊጥ የሚዳምጡት ሁለቱ ልጆች ራሳችንን አመመን ብለው ቁጭ ብለዋል፣ አንዷን ያቅለሸልሻታል። ጋዝ አይሸትም። ጭስ መሳቢያውም እየሠራ ነው። እሳቱ ሰማያዊ እንዲሆን የትኛዋን ብሎን ነው የማጠብቀው?

የቦርከና ልጅ
በርነሩ ቆሽሾ ነው። አውጣና በብሩሽ ፈግፍገው፣ በኮምፕሬሰር ንፋው። የኔ ምድጃ እንዲህ ሲያደርግ በዚሁ ነው የዳነ።

ነርስ ከወልዲያ
ወንድሜ ብሎኑን ተወው! ኦቨኑን አጥፋ፣ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጋ፣ ሁሉም ሰው ደጅ ይውጣ። አሁኑኑ።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ላይ ባንድ ጊዜ ሲመጣ የምንጠረጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። ክረምት ላይ ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነሱ የሚቀሩት ሰዎች የሚሞቱበት ያው ነገር ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጋዝ አልሸተተኝም ያልከው ስለዚህ ምንም ማረጋገጫ አይሆንህም፤ የሚሸተው ያልነደደው ጋዝ ነው፣ ይሄ ደግሞ በደንብ ሳይነድ የቀረው ነው።

ያቅለሸለሻትን ልጅ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ስትገቡ "ጋዝ የሚነድበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነበረች" ብላችሁ ንገሩ፣ ካልነገራችሁ እንደ ተራ ራስ ምታት ይታያል። ነፍሰ ጡር ከሆነች በተለይ እንዳትዘገዩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 ቢያሳይ አትረጋጉ፤ ያ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ሕክምናው ኦክስጅን ነው።

የጦሳ ሥር
አጠፋሁት እህቴ። ሁሉም ደጅ ናቸው። ያቅለሸለሻትን ወንድሟ በባጃጅ ይዟት ሄደ፣ ሌላዋ ሻል ብሏታል። እኔን ያልገባኝ ግን ጭስ መሳቢያው አዲስ ነው፣ ሞተሩም ትልቅ ነው። ሲነሳማ የጓዳውን በር ራሱ ጓ አድርጎ ይዘጋዋል። ይሄን ያህል እየሳበ ጭሱ ከየት ይመጣል?

እሙ ሀያት
አብሽር ልጄ፣ ሰው ከተረፈ ሌላው ይደርሳል። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በደሴ ገበያ በሰዓት ይሄን ሁሉ ፒዛ የሚያወጣ ማሽን ለምን አስፈለገህ? በትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ጀምር፣ ቤቱ ሲለመድልህ ትጨምራለህ። ጋዙ ራሱ አንዳንዴ ይጠፋል።

የጦሳ ሥር
እትዬ፣ ብሩን ከፍዬ ጨርሻለሁ። መብራትም ቢሆን በሚሄድበት አገር የኤሌክትሪክ ኦቨን ምን ያደርግልኛል?

ኩሽና ተከላ፣ ኮምቦልቻ
መብራት ሲሄድ ይሄም ይቆማል። ሰንሰለቱም፣ ማራገቢያውም፣ የጋዙ ቫልቭም በመብራት ነው የሚሠሩት። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ፦ ከኦቨኑ ጀርባ የተለጠፈው ሰሌዳ ምን ዓይነት ጋዝ ይላል፣ ስንት ቢቲዩ (የሙቀት ጉልበቱ መለኪያ) ይላል? ሬጉሌተሩ፣ ሲሊንደሩ ላይ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው፣ የትኛው ነው? ሲሊንደሩ የት ቆሟል? ጓዳው መስኮት አለው ወይ?

ጋሼ ብየዳ
ልጆች፣ እስቲ ከሥሩ እንነሳ። ዛሬ ሁሉም ሰው ዕቃ ይገዛል፣ ባሕርይውን ግን አይጠይቅም። በሲሊንደር የምንገዛው ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈስ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለል ለወለል እንደ ውሃ ሄዶ ጉድጓድ፣ ምድር ቤት፣ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ይተኛል። ላይኛውን መስኮት ከፍቶ ተናፈሰ ማለት ራስን ማታለል ነው። ሲሊንደር ደጅ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ መደብ ላይ፣ ጥላ ተሠርቶለት፣ ቀጥ ብሎ በሰንሰለት ታስሮ ይቆማል። መስመሩ የብረት ቧንቧ ይሁን፣ ኦቨኑ ጋ ሲደርስ ለጋዝ የተሠራ ተጣጣፊ ቱቦ ይገባል፣ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት መዝጊያም ይኑረው። የውሃ ጎማ በሽቦ አስሮ ጋዝ ማስኬድ ወንጀል ነው እላለሁ። ፍተሻው በሳሙና አረፋ ነው። ኦሞ በውሃ በጥብጠህ በየመገጣጠሚያው ቀባ፣ ከተንተከተከ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፣ ስለዚያ ባልናገር ይሻለኛል።

የጦሳ ሥር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ፣ እነሆ፦ ሰሌዳው በእንግሊዝኛ ናቹራል ጋዝ ይላል፣ 100,000 ቢቲዩ ይላል፣ 60 ኸርዝ የሚልም አለው። ሬጉሌተሩ የቤት ምድጃ ላይ የነበረው ነው። ሲሊንደሩ ባለ 12.5 ኪሎ ነው፣ ከደረጃው ሥር ዝቅ ያለች ቦታ አለች፣ እዚያ ነው። ዛሬ ስናነድ ጎኑ ላይ በረዶ ሠራ። መስኮት አለ፣ ግን ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ በላስቲክ ሸፍነነዋል።

አዝዋ ገደል
በረዶ ከሠራማ ለስላሳውን እዚያ ደርድረው፣ ፍሪጅ ከመግዛት ዳንክ። ልጅቷን አላህ ያሽራት።

የቦርከና ልጅ
በርነሩን አጸዳኸው ግን?

ኩሽና ተከላ፣ ኮምቦልቻ
አሁን ገባኝ። አንድ ችግር አይደለም፣ ተደራርቦብሃል።

ትልቁ ሰሌዳው ላይ ያለው ነው። ኦቨኑ የተሠራው በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ አንተ የሰጠኸው የሲሊንደር ጋዝ ነው። ፕሮፔን በአንድ ሜትር ኩብ ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ሙቀት አለው፣ ቡቴን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ጋዙ የሚወጣባት ኖዝል ለሲሊንደር ጋዝ ጠበብ ያለች መሆን አለባት፣ የግፊቱ ልክም ይለያል። ያንተዋ ለተፈጥሮ ጋዝ የተበሳች ሰፊ ናት። ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ አይበቃውም፣ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ማጽዳት ይሄን አያድነውም፤ የቦርከና ልጅ፣ አንተ ያልከው ለቆሸሸ በርነር ነው።

ከዚያ ከፍታው አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። በአሜሪካ የጋዝ ደንብ የተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ የእሳቱን ጉልበት 4 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ከሄድን ያንተ 100,000 ደሴ ላይ ወደ 67,000 ይወርዳል። የአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ ከተገኘ ግን እሱ ይቀድማል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ እኔ ከተማዬ የምገጥመውን ኖዝል እንዳለ ደሴ አላመጣውም።

በረዶው ደግሞ ሲሊንደሩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል ማለት ነው። 100,000 ቢቲዩ በሰዓት ከ2 ኪሎ በላይ ጋዝ ይበላል። የቤት ሬጉሌተርህን ገልብጠህ እየው፣ ብዙውን ጊዜ በሰዓት 1.5 ኪሎ የሚል ተጽፎበታል። በደሴ ብርድ አንዲት ትንሽ ሲሊንደር ያን ያህል ፈሳሽ ወደ ጋዝ መቀየር አትችልም፣ ግፊቱ ይወድቃል። ብዙ ሲሊንደር በአንድ መስመር ተያይዞ ጋሼ ባሉት ዓይነት መደብ ላይ ደጅ ይቁም፣ ሬጉሌተሩም በልኩ ይገዛ። ከደረጃው ሥር ግን ዛሬውኑ አውጣት።

አሁን ወደ በሩ። በሩን ጓ የሚያደርገው ማራገቢያው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፣ ቤቱ አየር ስላጣ ነው። መስኮቱን በላስቲክ ደፍነህ አየር ከክፍሉ ስታስወጣ የሚተካው አየር በተገኘው ቀዳዳ ይገባል፣ ከኦቨኑ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝም መውጫው ጠፍቶት ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል። የወጣውን ያህል መግባት አለበት። ግድግዳው ላይ ወንፊት ያለው ቋሚ የአየር መግቢያ ይከፈት፣ ለትልቅ ማራገቢያ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚነፋ ሌላ ማራገቢያ ይጨመር። የሚገባው አየር በቀጥታ ኦቨኑ አፍ ላይ እንዳይነፍስ አቅጣጫውን ያዙ።

መሳቢያው ኦቨኑን ብቻ ነው የሚሸፍነው ወይስ ፒዛው የሚገባበትንና የሚወጣበትንም?

የጦሳ ሥር
መሀሉን ብቻ። ሁለቱ ጫፎች ውጭ ቀርተዋል። ላሜራ ሠራተኛው ሞተሩ ካለበት በላይ ይበቃል ብሎኝ ነው።

ኩሽና ተከላ፣ ኮምቦልቻ
አይበቃም። የተጓዥ ኦቨን ትኩስ አየር በአብዛኛው የሚያመልጠው በሁለቱ አፎች ነው፣ ልጆቹም የሚቆሙት እዚያው ነው። ላሜራው ሁለቱንም አፎች ሸፍኖ በየጎኑ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። ቱቦው በኮርኒሱ ሲያልፍ ጣውላም ቺፑድም አይንካ፣ ዙሪያው በማይነድ ነገር ይለይ። ጫፉ ጎረቤት መስኮት ላይ እንዳይነፍስ። መሳቢያው ሳይነሳ ጋዙ እንዳይከፈት በኤሌክትሪክ ይያያዙ፤ ሠራተኛ ሊረሳ ይችላል፣ ሽቦው ግን አይረሳም።

ባለሙያው ሲመጣ ሁለት ነገር ቆመህ አስፈትሽ። አንደኛ፣ ያገለገለ ኦቨን ላይ የአየር ስዊቹን በቁራጭ ሽቦ አልፈውት ይሸጣሉ። ያ ስዊች ማራገቢያው ካልዞረ ጋዝ እንዳይከፈት የሚያደርግ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ኦቨኑ መጀመሪያ አየር ነፍቶ ነው መለኮስ ያለበት። ሁለተኛ፣ 60 ኸርዝ የሚለው ሞተር በእኛ አገር ባለ 50 ኸርዝ መብራት ላይ በዝግታ ይዞራል፣ የሚነፋው አየርም ያንሳል። ይሄን ሳያይ ኖዝል ብቻ ቀይሮ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ማኖሜትር፣ ማለትም የጋዝ ግፊት መለኪያ፣ ሳይዝ በዓይኑ አይቶ "ተስተካክሏል" የሚልህንም አትቀበለው።

ጋሼ ብየዳ
ይሄ ልጅ የተናገረው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ኖዝሉን በመርፌና በመሰርሰሪያ የሚያስተካክሉ አሉ፣ የጠበበውን ያሰፋሉ፣ የሰፋውን በብር ብየዳ ይደፍናሉ። በልኩ የተሠራውን ፈልገው ይግጠሙ።

ነርስ ከወልዲያ
ሥራ ስትጀምሩ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግድግዳ ላይ በሰው ራስ ከፍታ ስቀሉ። የጋዝ ማፍሰሻ ማንቂያ ከገዛችሁ ግን ያኛው ወለል አጠገብ ነው የሚሰቀለው፣ ጋሼ እንዳሉት ጋዙ ታች ስለሚተኛ። ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፣ አንዱ የሌላውን አይሠራም። የጦሳ ሥር፣ ልጅቷ ኦክስጅን አገኘች ወይ?

እሙ ሀያት
ቅዳሜ ይቅርብህ ልጄ። ሰው የጠራኸውን ቡና አፍልተህ ሸኘው፣ ደሴ ሰው ቅር አይለውም።

የቃሉ ልጅ
እኔም ከሚሴ ላይ እንዲሁ ዓይነት ኦቨን ላስገባ ነው፣ የኔው ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ ነው ይላል ሰሌዳው። ከሚሴ ቆላ ስለሆነ የከፍታውን ነገር ልተወው?

ኩሽና ተከላ፣ ኮምቦልቻ
አትተወው። ቆላ ብትሆንም ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ናት፣ ስለዚህ በሠንጠረዡ ታያለህ፣ ቅናሹ ብቻ ከደሴ ያንሳል። መግዣህን ሳትከፍል የሰሌዳውን ፎቶ አንሳና ጋዙን፣ ቢቲዩውንና ኸርዙን እየው። መሳቢያውንና የአየር መግቢያውን ደግሞ ኦቨኑ ከመምጣቱ በፊት ጨርስ፤ ከገባ በኋላ ግድግዳ መስበር ከባድ ነው።