ጥቆማ፦ ባህር ዳር፣ ማርቆስና ቡሬ አካባቢ ደም ለመመርመር

ከቡሬ "እናቴን ደም የት ላስመርምራት?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ በውስጥ መስመርም ተመሳሳይ ነገር ለጠየቃችሁኝ። ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ዳገት ሲወጡ ልብ ድው ድው ማለት ካለ "ሙሉ ቼክአፕ" ብላችሁ ብር አታፍስሱ። መጀመሪያ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) አሠሩ። ቀዩን የደም ሴል፣ ነጩን፣ ፕላትሌቱን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን) እና ሄሞግሎቢኑን (በቀዩ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) ከአንድ ቱቦ ደም ያወጣላችኋል። ጾምም አይፈልግም፣ ቁርስ በልቶ መሄድ ይቻላል።

የት? የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ለወባ ምርመራ እኔ ጤና ጣቢያን እመርጣለሁ፣ እጃቸው የለመደ ነው። የሲቢሲ ማሽን ግን ሁሉም ጋ የለም፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ቢለኩላችሁም ለመነሻ ይበቃል። የግል ላብራቶሪ ውጤት ቶሎ ይሰጣል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል፣ ወረቀቱን የሚያነብ ሐኪምም ለብቻ መፈለግ አለ። ነገሩ ግራ ሲያጋባ፣ ማለትም ነጩ ሴል በጣም ሲበዛ ወይም ቀዩም ነጩም ፕላትሌቱም ሲወርዱ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ባህር ዳር ካሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ አለዚያም ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሂዱ። ወረፋ አለ፣ ማልዳችሁ ድረሱ። እዚያ ሞርፎሎጂ ይሠራላችኋል፦ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ማሽን ያልለየውን ብዙ ጊዜ የሚለየው ይሄ ነው።

የትም ብትሄዱ አንድ ነገር እዩልኝ። ለሲቢሲ ደሙ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ እንደገባ ባለሙያው ቀስ እያደረገ ደጋግሞ መገልበጥ አለበት። ካልገለበጠው ደሙ ይረጋና ፕላትሌቱ ያለአግባብ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ እናንተም በከንቱ ትደነግጣላችሁ።

ወረቀቱን በእጃችሁ ያዙ። ሄሞግሎቢን ለሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11፣ ለወንድ ከ13 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው፣ ደጋ ላይ ደግሞ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ስለዚህ የደጋ ሴት 12.2 ቢወጣላት "ደህና ነሽ" ተብላ መሸኘት የለባትም። ቀጥሎ ኤምሲቪ (MCV፣ የቀዩ ሴል አማካይ መጠን) የሚለውን እዩ። ከ80 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረት ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ቢ12 ወይም ፎሌት የሚባሉት ቫይታሚኖች እጥረት ይጠረጠራል። እናትሽ የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ አይረናቸው ካነሰ ኪኒን ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላልና ጨጓራና አንጀታቸው ይታይ፣ ሰገራቸውም ለትል ይመርመር።

"ደም የሚሞላ ሽሮፕ" እያሉ ለሚሸጡት፦ ለአዋቂ ሰው ተራው የአይረን እንክብል ርካሽም ነው፣ ይሠራልም። ለነፍሰ ጡር በክትትል ጊዜ ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ከቡናና ከሻይ አርቃችሁ ውሰዱት፣ ሁለቱም አይረኑ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጡ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም 3 ወር ያህል ይቀጥላል።

ቪዳል የሚሉትን የታይፎይድ ምርመራ አልመክርም። ከዚህ በፊት የያዘ ሕመምም ሆነ ሌላ ኢንፌክሽን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ ስለወጣ ብቻ አንቲባዮቲክ የሚጽፍ ክሊኒክ ሞልቷል። ትኩሳት ካለ መጀመሪያ ወባ ይታይ። ከመተማ ወይም ከሑመራ የቀን ሥራ የተመለሰ ልጅ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈና ጣፊያው ካበጠ ደግሞ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይመርመር በሉ፣ ሐኪሙ ባያነሳውም እናንተ አንሱት። ይሄ ሲዘገይ ይገድላል።

የደም ዓይነት ለማወቅ ብቻ ከሆነ ደም ባንክ ሄዳችሁ ለግሱ። ዓይነቱን ታውቃላችሁ፣ ለሄፓታይተስና ለኤችአይቪም ይመረመራል፣ አትከፍሉም። ነፍሰ ጡር ሚስት ያላችሁ በተለይ አርኤች ነጋቲቭ (እንደ ኦ- ያለ፣ የመቀነስ ምልክት ያለው የደም ዓይነት) መሆን አለመሆኗን አጣሩ። ነጋቲቭ ሆና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ለቀጣዩ እርግዝና ሾተላይ እንዳይመጣ አንቲ ዲ መርፌ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ መውሰድ አለባት። መርፌው የት እንደሚገኝ ምጥ ሳይመጣ ፋርማሲ ዞራችሁ ጠይቁ።