ሆርቲካልቸር በሰርተፍኬት እየተማሩ ሳር ላይ ማተኮር ይቻላል?

የአራዳ ሰርዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም የሆርቲካልቸር የደረጃ ስልጠና ልጀምር ነው፤ የተመዘገብኩት በማታው ነው፣ ከ11፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት። ሐሳቤ አትክልት አምርቶ መሸጥ ሳይሆን የሳር ሥራ ነው፦ የሆቴል ግቢ፣ የመንገድ አካፋይ፣ የኳስ ሜዳ። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከመስቀል አደባባይ ሜክሲኮ በኮሪደር ልማቱ የተተከለውን አረንጓዴ ታዩታላችሁ፤ ይህን ሁሉ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ባለሙያ ያስፈልጋል። የስልጠናውን ዝርዝር ሳነበው ግን የሚበዛው ችግኝ ጣቢያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ፍራፍሬ ነው። ሳር ጥቂት ገጽ ብቻ ነው ያለው።

ከትምህርቱ ውስጥ ለሳር የሚጠቅመኝ የትኛው ነው? ከውጭ ምን ልጨምርበት? በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) የተግባር ምዘና ላይስ ሰው የሚወድቀው በምንድነው? ለመለማመጃ ካዛንቺስ አካባቢ 200 ካሬ የሚሆን ባዶ ግቢ ተፈቅዶልኛል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለ።

አፈር ይቅደም

ወንድሜ፣ ዝርዝሩ አያስፈራህ። በሽንኩርት መደብ ላይ የምትማረው አፈር መለየት፣ መስኖ ማስላትና ማዳበሪያ መመጠን ሳር ላይም ያው ነው። ክፍል ውስጥ ሲሰጥ "ይሄ ለአትክልት ነው" ብለህ አትለፈው።

ከአፈሩ ልነሳ፤ መሀል አዲስ አበባ አንድ ዓይነት አፈር የለውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ቀይ ነው፣ ወደ ቦሌና አቃቂ ስትወርድ ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ይበዛል። መሀሉ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ደግሞ ሙሌት ነው፦ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ሲሚንቶ የገባበት አፈር። ሲሚንቶና ኖራ የአፈሩን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርጉታል። ፒኤች ከ7.5 ካለፈ ሳሩ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ይገረጣል፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይህን አይቶ ዩሪያ የሚበትን ብዙ ነው። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ነበር። ጎንበስ ብለህ የትኛው ቅጠል እንደገረጣ ሳታይ ማዳበሪያ አትክፈት።

ግቢውን አራት ቦታ ላይ 30 ሳንቲሜትር ቆፍር። ከየጉድጓዱ አንድ ጭብጥ አፈር አንስተህ አርጥበውና በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሀል እየገፋህ እንደ ሪባን አውጣው። ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ሳይበጠስ ከተሳበ ከባድ ሸክላ ነው። ቀጥሎ ጉድጓዱን ውሃ ሙላው፣ ይስረግ፤ ደግመህ ሙላውና በሰዓት ስንት ሳንቲሜትር እንደወረደ ለካ። በሰዓት ከ2.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ማፋሰሻ ሥራ፤ ሳሩ ይቆይ።

ዋልካ ላይ በየግቢው የሚደጋገም ጥፋት አሸዋ መቀላቀል ነው። ጥቂት አሸዋ ሸክላ ውስጥ ሲገባ የሸክላው ደቃቅ ቅንጣት በአሸዋው መሀል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፣ ሲደርቅም ዶማ የማይበግረው ይሆናል። አሸዋ የሚረዳው ከድብልቁ 70 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ነው። ላንተ ግቢ አስላው፦ 200 ካሬ በ15 ሳንቲሜትር ጥልቀት 30 ሜትር ኩብ ነው፤ 70 በመቶው 21 ሜትር ኩብ፣ ከአንድ ሲኖ በላይ አሸዋ ማለት ነው። ለኳስ ሜዳ ይሠራል፣ ለግቢ አያዋጣም። ይልቅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት 5 ሳንቲሜትር ውፍረት አልብሰህ (10 ሜትር ኩብ ይፈጃል) እስከ 15 ሳንቲሜትር አዋህደው። ቁፋሮው አፈሩ ሲጨበጥ የሚጠጥር፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር በሆነበት ቀን ይሁን። ጭቃ ሆኖ ከተቆፈረ ጓሉ ዓመቱን ሙሉ አይሰበርም።

ተዳፋቱን ከቤቱ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ስጠው። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ይበቃሃል፤ ሁለት ችካል ተክለህ ልኩን አንብብ። ዝቅ ባለው ጠርዝ ላይ ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር የጠለቀ ቦይ ቆፍረህ፣ የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ አጋድመህ ጠጠር ሙላበት፤ መውጫው የት እንደሚያፈስ ሳታረጋግጥ ግን አትቅበረው። ይህን ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጨርስ።

ማጨጃዋ

አፈር ይቅደም ያሉት ልክ ነው። እኔ ደግሞ ዶማ ከማንሳትህ በፊት ፀሐዩን ቁጠር እልሃለሁ። ካዛንቺስ ፎቅ የከበበው ሰፈር ነው፤ ግቢው ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ የጥላውን ጠርዝ በችካል ምልክት አድርግ። ሰርዶ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከ4 ሰዓት በታች በሚያገኝ ቦታ ላይ ሳር ማስገደድ በየዓመቱ መልሶ መትከል ነው፤ እዚያ አጋፓንተስ ወይም ሌላ ጥላ የሚችል ተክል አድርግና ተገላገል።

ስለ ሳሩ ዓይነት፦ ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፤ የእኛ ከፍታ ይስማማዋል፣ ቶሎ ይሸፍናል፣ ጉዳትም ቶሎ ይጠግናል። ጣጣው ወደ አበባ መደብ መግባቱ ነው፦ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ስለሚሳብ ጠርዙን በአካፋ 15 ሳንቲሜትር ድረስ በየጊዜው መቁረጥ ግድ ነው። ሰርዶ ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ መረገጥ ይችላል፣ አጭር ሆኖ ያምራል። ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ማደጉን ገታ ያደርጋል፤ ያኔ የተጎዳ ሜዳ እስከ በልግ ሳይሞላ ይቆያል። ለኳስ ሜዳ ስትማር ይህን በደንብ አስብበት፤ የውድድሩ ወቅት ያንኑ ብርድ ይዞ ነው የሚሄደው።

ማጨድ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ያዝ፦ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ አትቁረጥ። ኪኩዩን በ5 ሳንቲሜትር ልትይዘው ከፈለግህ 7.5 ሲደርስ እጨደው፤ በክረምት ይህ በሳምንት ሁለቴ ሊሆን ይችላል። በየመንገዱ የሚታየው መላጨት የሚመጣው 15 ሳንቲሜትር እስኪደርስ ጠብቆ በትከሻ በሚንጠለጠለው ማጨጃ ከመሬት ሲቆርጡት ነው። ኪኩዩ አረንጓዴ ቅጠሉ ከላይ ብቻ ነው፣ ከሥሩ የሚቀረው ቡናማ ግንድ ነው፤ ያንን አጋልጠህ ስታበቃ አረም በክፍተቱ ይገባል። የትከሻውን ማሽን ለጠርዝና ለዳገት ተወው፤ ለሜዳው ጎማና የከፍታ ማስተካከያ ያለው ይሁን። ሰርዶን ከ2.5 ሳንቲሜትር በታች ልትይዘው ከሆነ ደግሞ የሲሊንደር ማጨጃ ያስፈልጋል።

ምላጩ መሳል አለመሳሉን ሳሩ ራሱ ይነግርሃል። ባጨድህ ማግሥት አንድ ቅጠል ነቅለህ ጫፉን ወደ ብርሃን አድርገህ እየው፦ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ምላጩ ደህና ነው። ክር ክር ብሎ ተተርትሮ ጫፉ ከነጣ ምላጩ እየቆረጠ ሳይሆን እየቀደደ ነው፤ ሜዳው ከሩቅ አመድማ የሚመስለው በዚህ ነው። ስትሞርደው ሁለቱን ጎን እኩል ሞርድና መሀሉን በምስማር ላይ አንጠልጥለው፤ አንዱ ካዘነበለ ከዚያ ወገን ጨምረህ ሞርድ። ሚዛኑን የሳተ ምላጭ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ከመፍታትህ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀል፤ ይህ ምዘና ላይም ይታያል።

መዛኝ ዓይን

ስለ ሲኦሲ በአጭሩ። ውጤቱ ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ ነው፤ በነጥብ ማካካሻ የለውም። በተግባሩ መዛኙ የሚያየው ችግኙ ማማሩን ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ነው። ጓንትና ቦቲ ሳያደርጉ መጀመር፣ በዓይን ግምት መለካት፣ ሥራው ሲያልቅ መሣሪያውን ሳያጥቡ መሄድ፤ ሰው የሚወድቀው በእነዚህ ነው። የችግኝ አፈር ስትደባልቅ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ከተባልህ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘህ ስፈር፤ በአካፋ እየገመትህ አትጨምር።

በማታ መማርህ አንድ ችግር አለው። በ12 ሰዓት ይጨልማል፤ በጨለማ ማጨድም ርጭት መልመድም አይቻልም። ኮሌጁ የቅዳሜ ተግባር እንዳለው፣ የመለማመጃ መሬቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ የሚሠራ ማጨጃና መርጫ እንዳለው አሁኑኑ ጠይቅ። ለትብብር ስልጠና (በድርጅት ውስጥ ለሚሰጠው ተግባር) ስትመደብም ሳር ያለበት ቦታ፣ መናፈሻ ወይም ሆቴል፣ እንዲሆንልህ በጽሑፍ አመልክት። ዝም ካልህ የሚደርስህ ችግኝ ጣቢያ ነው።

የአራዳ ሰርዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ በነጻ ማግኘቴ ትልቅ ነገር ነው። ሰርዶ ለመትከል ወስኛለሁ፤ ግቢው ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ አለው። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ውሃውና የማዳበሪያው ስሌት። ዩሪያና ኤንፒኤስ በኪሎ አገኛለሁ፣ ለ200 ካሬ ስንት? ሮቶውስ ይበቃል? አረሙንም በቱ ፎር ዲ ልምታው ወይ?

አፈር ይቅደም

ስሌቱን እንደዚህ ልመደው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ሳር በአንድ ጊዜ በካሬ ከ5 ግራም በላይ ናይትሮጅን አይሰጠውም፣ ያቃጥለዋል። 5 ሲካፈል ለ0.46 ወደ 11 ግራም ዩሪያ፤ ለ200 ካሬ 2.2 ኪሎ። ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ቁመቱን፣ ግማሹን አግድሙን እየሄድህ በትን፤ አለዚያ ሳሩ ሰንበር ሰንበር ያወጣል። ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን በትነህ ወዲያው ውሃ አጠጣ። ሰኔ መጀመሪያ ላይና መስከረም ላይ ስጠው፤ ዝናቡ በሚያጎርፍበት በሐምሌ የበተንከው ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ድኝ ነው፤ ስትተክል በካሬ 13 ግራም፣ ማለትም በጠቅላላው 2.6 ኪሎ፣ ከአፈሩ ጋር አዋህድ። በዓመቱ የአፈር ምርመራ ሳታደርግ አትድገመው።

ሰርዶውን በቅንጥብ ከተከልህ በ20 በ20 ሳንቲሜትር ርቀት በካሬ 25፣ በጠቅላላው 5,000 ቅንጥብ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት አንጓው አፈር ውስጥ ይግባ፣ ሲሶው ውጭ ይቅር፤ ረግጠህ አጣብቀው። የተነቀለው ቅንጥብ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ ስለሚሞት በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ ጥቂት በጥቂት አውጣ። በምንጣፍ መልክ የተቆረጠ ሳር ከገዛህ ደግሞ መጋጠሚያውን እንደ ብሎኬት አዛንፈው፣ ከሥሩ አየር እንዳይቀር ተጫነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ጥጉን ሳብ አድርግ፣ አልነሳም ካለህ ሥር ሰድዷል።

ውሃ፦ በበጋ በሳምንት 25 ሚሊሜትር ገደማ ቁጠር። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ አንድ ሊትር ነው፤ በሳምንት 5,000 ሊትር ማለት ነው። በሁለት ቀን ብትከፍለው በአንዱ ቀን 2,500 ሊትር ይሆናል፣ ሮቶህ አይችለውም። ስለዚህ ግቢውን ለሁለት ክፈለው፤ 100 ካሬውን ዛሬ በ1,250 ሊትር፣ ሌላውን ውሃ በመጣ ማግሥት። የተረፈው ለፈረቃው መዘግየት መጠባበቂያ ነው። መርጫህ እኩል ማዳረሱን ለማየት ዘጠኝ ባዶ የድልህ ጣሳ ሜዳው ላይ ደርድርና 15 ደቂቃ ክፈት። በየጣሳው የገባውን በማስመሪያ ለካ፤ አማካዩ 5 ሚሊሜትር ከሆነ 12 ሚሊሜትር 36 ደቂቃ ይፈጃል። ዋልካ ግን በአንድ ጊዜ አይጠጣም፦ 12 ደቂቃ አጠጥተህ ግማሽ ሰዓት አሳርፈው፣ ሦስት ጊዜ መላልስ። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ይሻላል፤ ማታ ካጠጣህ ቅጠሉ እርጥብ አድሮ ሻጋታ ይይዘዋል።

ማጨጃዋ

በቱ ፎር ዲ ላይ ረጋ በል። የሚገድለው እንደ ማገት ያለ ሰፊ ቅጠል አረም ነው። እንግጫን ቢያጠወልገው ነው፤ ግንዱን በጣትህ አሽከርክረው፣ ሦስት ማዕዘን ከሆነ እንግጫ ነው፣ ከነኮረቱ በእጅ ይነቀላል። አዲስ ሳር ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ሳይታጨድ አይረጭም።

"አንድ ክዳን ለአንድ ፓምፕ" የሚባለውን እርሳው። 10 በ10 ሜትር ከልለህ ፓምፑ ላይ 10 ሊትር ንጹህ ውሃ አድርግ፣ በተለመደ እርምጃህ ርጨውና የቀረውን ለካ። 4 ሊትር ከወጣ በሄክታር 400 ሊትር ትረጫለህ። መለያው ላይ በሄክታር 1 ሊትር የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። ያንተ 200 ካሬ የሚፈልገው 8 ሊትር ውሃና 20 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ብቻ ነው፤ ባለ 16 ሊትሩን ፓምፕ ሞልተህ ከበጠበጥህ ግማሹ ይተርፍሃል፣ የሚተርፈውም ብዙ ጊዜ ጽጌረዳው ሥር ነው የሚደፋው። ንፋስ ሳይነሳ ጠዋት እርጭ፤ ለዚህ የተጠቀምህበትን ፓምፕ ለአበባና ለቲማቲም መድኃኒት አትጠቀምበት፣ ሦስት ጊዜ ብታጥበውም ቅሪቱ ቅጠላቸውን ያጣምመዋል።