ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል፦ የናርኮሌፕሲ መነሻው ዘር ነው?

ጥያቄ (የልጁ እህት)
ሰላም ለሁላችሁ። የ17 ዓመት ወንድሜ ክፍል ውስጥ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይጥለዋል። ከት ብሎ ሲስቅ አገጩ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የምንለውን ግን ሁሉ ይሰማል። ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። እናታችን የሚጥል በሽታ ነው ትላለች፤ ሐኪሙ ዓይነት 1 ናርኮሌፕሲ፣ ማለትም ቀን ቀን ሳያስቡት እንቅልፍ የሚጥል የአንጎል ሕመም፣ ጠርጥሯል። የዘረመል ምርመራው «ዲኪውቢ1*06፡02 ፖዘቲቭ» ይላል። ከዘር ነው ማለት ነው? እኔንስ ያሰጋኛል?

ጎህ
«ሁሉ ይሰማል» ያልሽው ትልቅ ፍንጭ ነው። መላ ሰውነት የሚያንቀጠቅጠው የሚጥል በሽታ ሲነሳ ሰው ራሱን ይስታል፣ ሲነቃም የሆነውን አያስታውስም። ወንድምሽን ሲስቅ የሚይዘው መዛል ካታፕሌክሲ ይባላል፤ ጡንቻን እንጂ ልቡናን አይወስድም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልፋል።

የሕመሙ መነሻ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ ኦሬክሲን፣ በሌላ ስሙ ሃይፖክሬቲን፣ የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያመርቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ፤ ለአንጎል ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከሞት በኋላ በተመረመረ የሕሙማን አንጎል ከእነዚህ ከመቶ 85 እስከ 95ቱ ጠፍተው ተገኝተዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ግን አልተነኩም። ኦሬክሲን ንቃትን ያጸናል፣ የሕልም እንቅልፍም ያለሰዓቱ እንዳይገባ ይከለክላል። ሕልም ስናይ እንዳንንፈራገጥ ጡንቻችን ይፈታል፤ ዓይንና ድያፍራም (የመተንፈሻው ጡንቻ) ብቻ ይቀራሉ። ኦሬክሲን ሲጠፋ ያ መፈታት በጠራራ ፀሐይ፣ በተለይ ከሳቅ ጋር፣ ይመጣል። ዱካኩም ያው ነው፦ ዓይን ተገልጦ ጡንቻው ገና አልነቃም።

ሰባት ቁጥር
ስለ ዘረመሉ፦ ፖዘቲቭ መሆኑ ብዙ አይናገርም። ዓይነት 1 ካለባቸው ከመቶ ከ90 በላይ ይሸከሙታል፤ ግን እንደየሕዝቡ ከጤነኛውም ከመቶ 12 እስከ 30 ይሸከመዋል። መንትያው አንድ ዓይነት ሆኖ እንኳ ሁለተኛው የሚታመመው ከሦስት በአንዱ ገደማ ነው። ለእህትና ለልጅ ስጋቱ ከመቶ 1 ወይም 2 ነው።

ይህ ዘረመል የፕሮቲን ቁራጭ ቲ ሕዋሳት ለተባሉት የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚያሳየውን ሞለኪውል ይሠራል። አሁን ሚዛን የሚደፋው ግምት የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የኦሬክሲን ሕዋሳትን ያጠፋል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኋላ በቻይና ሕሙማኑ በዙ፤ በፊንላንድና በስዊድን ደግሞ ፓንደምሪክስ የተባለውን የዚሁ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በወሰዱ ልጆች ላይ ታየ። (ክትባት ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ብሎ የሚነሳ አይጠፋምና፦ አያደርግም።)

በዘር በቀጥታ የሚወርደው በዶበርማን ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተገኘው የኦሬክሲን ተቀባይ፣ ማለትም ሕዋስ ላይ ሆኖ ኦሬክሲንን የሚቀበለው ፕሮቲን፣ ዘረመል ብልሽት ነበር። በውሻው የተበላሸው ተቀባዩ ነው፤ በሰው ሕዋሱ ራሱ ይሞታል።

የልጁ እህት
ታዲያ በምን ይረጋገጣል?

ተረኛ
ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከጀርባ አጥንት መሃል በመርፌ የሚወሰድ ፈሳሽ ነው፤ ኦሬክሲኑ በሚሊ ሊትር 110 ፒኮግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ዘረመሉ ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ፈሳሹ ዝቅ ብሎ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ የደም ምርመራው ጥቅሙ መርፌውን ለማስቀረት ነው።

ሁለተኛው የእንቅልፍ ምርመራ ነው። ሌሊቱን በመሣሪያ ታይቶ፣ በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ አምስት ጊዜ እንዲተኛ ዕድል ይሰጠዋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ውስጥ ካሸለበና ሁለት ጊዜ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሕልም እንቅልፍ ከገባ ፖዘቲቭ ነው።

የሚያበላሸውም ብዙ ነው። ለፈተና ሲያነብ ያደረ ተማሪ ያለ በሽታው ተመሳሳይ ውጤት ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ቢያንስ አንድ ሳምንት በቂ ይተኛ፣ ሰዓቱም ይመዝገብ። ጫት ከቃመ አይደብቅ፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ ስለሚሠራ ምርመራውን ያሳስታል። የድብርት መድኃኒት የሕልም እንቅልፍን ይጫናል፤ ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት፦ በድንገት ሲቆም ካታፕሌክሲው በቀን ደጋግሞ ሊጥለው ይችላል።

ጎህ
እስከዚያው ለትምህርት ቤቱ ንገሩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ማሸለብ ከሰዓቱን ያድንለታል። ብቻውን አይዋኝ፣ መሪ አይጨብጥ።