የዳታቤዝ ኮዳችን የጋራ ይሁን ወይስ የየራሳችን?

ደብረ ብርሃን (ጥያቄውን ያነሳው)፦
ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለዩኒየኖች፣ ለመሠረታዊ ማኅበራትና ለነጋዴዎች ሶፍትዌር የምንሠራ ልጆች አለን። የሁላችንም ሥራ አንድ ዓይነት ነው፦ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ገቢና ወጪ፣ የአባላት ሒሳብ። ግን ፕሮግራሙን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ እያንዳንዳችን ከባዶ እንጽፋለን። እኔ የምለው፣ ይሄ ክፍል አንድ የጋራ ክላስ ላይብረሪ (አንዴ ተጽፎ ብዙ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ኮድ) ይሁን። ማኅበራቱም ሲከፍሉ ሶርስ ኮዱን (ሰው የሚያነበውንና የሚያስተካክለውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ) አብረው ይረከቡ። የሚመዘገበው የአርሶ አደር ገንዘብ ነው።

ዐምና አንድ ማኅበር ጠርቶኝ ሄድኩ። ሶፍትዌሩን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ስልክ አያነሳም። የአባላት ዝርዝሩን ስከፍት ስሙ ሁሉ «????? ????» ይላል። ስሙ የሚቀመጥበት ኮለም (የሠንጠረዡ ዓምድ) ዓይነቱ ቫርቻር ነበር። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ቫርቻር በተለመደው አቀማመጡ የግዕዝ ፊደል አይዝም፤ የእኛንም ፊደል የሚይዘው ኤንቫርቻር መሆን ነበረበት። ፊደሉ አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ አይመለስም። ከወረቀት መዝገብ እንደገና ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብን። ጸሐፊዋ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ አነበበች።

ሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ችግሩን አልክድም። መፍትሔው ግን አልተዋጠልኝም። አንዱ ልጅ አንድ መስመር ሲያበላሽ አሥር ማኅበር ላይ ይበላሻል። እኔ የምሠራው ለማሾና ለሽንኩርት ነጋዴዎች ነው። ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ፕሮግራሙ ሲቆምበት ደንበኛዬ የሚደውለው ለእኔ ነው። ሌላ ሰው በጻፈው ዲኤልኤል (የላይብረሪ ፋይል) ለምን እኔ ልጠየቅ?

አንኮበር፦
እኔም ከሸዋ ሮቢቱ ጋር ነኝ። ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የማይክሮሶፍት ኢንቲቲ ፍሬምወርክ እያለ ሌላ ላይብረሪ ምን ያደርጋል? ስትሪንጉን (ጽሑፉን) ካልከለከልከው በራሱ ኤንቫርቻር ያደርገዋል።

ምንጃር፦
ኢንቲቲ ፍሬምወርክን እኔም እጠቀማለሁ፤ ጥሩ ነው። የእኛን ካላንደር ግን አያውቅም። ፕሮግራም የምንጽፍበት ዶት ኔት ውስጥ የዕብራይስጥ፣ የሂጅራ፣ የጃፓን ካላንደር ክላስ አለ፤ የኢትዮጵያ የለም። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን መቀየሪያ ይጽፋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይጽፍም።

ጤፍ የሚረከብ አንድ መጋዘን ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ የእኛን ቀን ሳይቀይር እንዳለ ዴት (የቀን) ኮለም ላይ ያስቀምጠው ነበር። መስከረም 2017 ሙሉውን ሠራ። ጥቅምት 28ም ሠራ። ጥቅምት 29 ጠዋት እምቢ አለ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ለኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 2017 ደግሞ 28 ላይ ያልቃል። መዝጋቢው ምን ያድርግ? ገበሬው ከነአህያው ደጅ ቆሟል። የ29ኙንም የ30ውንም በ28 መዘገበው። ሒሳብ ሲዘጋ ደረሰኙና መዝገቡ አልገጠመም፤ ልጁም ሌባ ሊባል ነበር። ጳጉሜ ሲመጣማ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አልቀበልም አለ። ይሄ ነገር አንድ ቦታ ተጽፎ፣ ተፈትኖ ቢቀመጥ ማን ይጎዳል?

ደብረ ብርሃን፣ መምህር፦
ልጆቼ፣ ስለ ኮኔክሽን (ፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ ስለሚከፍተው መስመር) ማንም አላነሳም። ተማሪዎቼ በተን ተጫነ ብለው ኮኔክሽን ይከፍታሉ፣ ሳይዘጉት ይሄዳሉ። ኤስኪውኤል ሰርቨርን በኤዶ ዶት ኔት (በዶት ኔት የዳታቤዝ መገናኛ) ስንጠራ፣ ካልቀየርነው በቀር አንዱ ፑል (የኮኔክሽኖች ማጠራቀሚያ) የሚይዘው 100 ኮኔክሽን ነው። ሁሉም ሳይዘጋ ከቀረ ቀጣዩ 15 ሰኮንድ ይጠብቅና ይወድቃል። ሰው በሌለበት ቀን አይታይም። የገበያ ቀን ይመጣል፣ ይቆማል። ዘግተው ሲከፍቱት ደግሞ ይሠራል፤ ስለዚህ «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። መክፈትና መዝጋቱ ላይብረሪው ውስጥ፣ ሥራው ሲያልቅ በራሱ በሚዘጋው ዩዚንግ ብሎክ ላይ ቢሆን ይሄ ስሕተት ለተማሪው አይደርሰውም ነበር።

መብራትም አለ። ደረሰኙ ተጽፎ የመጋዘኑ ቀሪ ሳይቀነስ መብራት ቢጠፋስ? ሁለቱ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጻፍ ወይ ምንም አይጻፍ በሚል ማሰሪያ) ካልታሰሩ ግማሹ ብቻ ይቀራል።

ሸዋ ሮቢት፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ የኮኔክሽኑ ነገር እኔንም ነክቶኛል። የካላንደሩንም ተቀብያለሁ። ግን ማን ይጠብቀዋል? ዛሬ የጻፈው ልጅ ነገ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል።

ደብረ ብርሃን (ጥያቄውን ያነሳው)፦
ሶርስ ኮዱ ይሰጥ የምለው ለዚሁ ነው። ልጁ ቢሄድ ኮዱ ማኅበሩ ቢሮ ይቀራል፤ ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። ላይብረሪው ቁጥር ያለው ቨርዥን ይኑረው። አንተ የፈተንከውን ቨርዥን ይዘህ ትቆያለህ፤ አዲሱን ውሰድ ብሎ የሚያስገድድህ የለም። የደንበኛህ ፓስወርድም ላይብረሪው ውስጥ አይገባም፤ ኮኔክሽን ስትሪንጉ (የዳታቤዙ አድራሻና ፓስወርድ) ከአንተው ኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል ይነበባል።

አንኮበር፣ ለአንተም አንድ ነገር። ኮለሙ ኤንቫርቻር ቢሆንም፣ ስሙን በመደመር ምልክት ኤስኪውኤሉ (ለዳታቤዙ የሚላከው ትእዛዝ) ላይ ከለጠፍከውና ከፊቱ «ኤን» (N) የሚለውን ፊደል ካላደረግክ ያው የጥያቄ ምልክት ነው የሚመጣው። በፓራሜትር (ከትእዛዙ ለይተህ) ስትልከው ግን ደህና ይገባል፤ ኢንጀክሽንንም (ሰው በመሙያው በኩል የራሱን ትእዛዝ ማስገባቱን) ይከላከላል። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ የምትጠቀም ሰውም ለሪፖርት ብለህ በእጅህ የምትጽፈው ኤስኪውኤል አይጠፋም።

አንኮበር፦
እሱስ አለ። ሁለት ሪፖርት አለኝ፣ ሁለቱም በመደመር ነው የተጻፉት። ዛሬ ማታ አያቸዋለሁ።

ምንጃር፦
የካላንደር መቀየሪያዬን ከነፈተናው እሰጣለሁ። ጥቅምት 29፣ ጥቅምት 30፣ ጳጉሜ 5፣ ጳጉሜ 6 ውስጡ አሉ። ሸዋ ሮቢት፣ አንተ ጋ መጀመሪያ ይሞከር?

ሸዋ ሮቢት፦
ላኪልኝ እህቴ። በዋናው ዳታቤዝ ላይ ሳይሆን በኮፒው ላይ ነው የምሞክረው።