ለካፌ ግድግዳ የሚሆን የሮክ አልበም ሽፋን፦ ምርጡ የቱ ነው? ቀሽሙስ?

ታፔላ ሠሪው (ድሬዳዋ)

ሰላም ለቤቱ። እኔ ታፔላ ሠሪ ነኝ። ማሽን የሚያትመውን ሳይሆን በቡርሽ የሚጻፈውን። ድሬ ላይ ይህን ሥራ በእጁ የሚሠራ ሰው ብዙ አልቀረም፤ ባነር ሁሉንም ጠራርጎ ወስዶታል። ባነር ግን የኛን ፀሐይ አይችልም። ቀዩና ቢጫው ቀድሞ ይጠፋል፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራል። ዶሮ ወጥ ብሎ የተሰቀለው ባነር ዓመት ሳይሞላው ሰማያዊ ዶሮ ይሆናል። ሰው እኔን የሚያስታውሰው ያኔ ነው።

አሁን አንድ ወጣት ከዚራ ውስጥ ካፌ እየከፈተ ነው። የውጪው ግድግዳ ረጅም ነው። ግማሹን ዛፍ ያጠላበታል፣ ግማሹ ከሰዓት ላይ ይጠበሳል። ልጁ የሮክ ፍቅር ይዞታል። አራት የአልበም ሽፋን በትልቁ እንድስልለት ይፈልጋል። አምስተኛ ደግሞ ከሁሉም ቀሽም የተባለውን፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ። «ሰው እየሳቀ ይግባ» ነው የሚለው።

እኔ ሮክ ብዙ አልሰማም። ያደግኩት በዓሊ ቢራ ነው። ስለዚህ ሽፋኖቹን የማየው እንደ ታፔላ ነው። ከመንገድ ማዶ ይታያል ወይ? በባጃጅ እያለፈ ያየው ሰው ያስታውሰዋል ወይ? ስንት ቀለም ይበላል? አንዳንድ ደንበኛ አለ፣ አንዲት ታፔላ ላይ በርገር፣ ጁስ፣ ማኪያቶ፣ የራሱን ፎቶና ሁለት ስልክ ቁጥር ካላስገባሁ የሚል። ማንም አያነብለትም። ሽፋንም እንደዚያው ይመስለኛል።

ልጁ በስልኩ ካሳየኝ ውስጥ ወዲያው የያዘኝ ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ «ለንደን ኮሊንግ» ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) 1979። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ፖል ሲሞነን ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ቤዝ ጊታሩን ሊሰብር ሁለት እግሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል። ፊቱ አይታይም። ፎቶው ራሱ ብዥ ያለ ነው፤ ያነሳችው ፔኒ ስሚዝ በዚህ ምክንያት ሽፋን እንዲሆን አልፈለገችም ነበር። አወጡት፣ ደግ አደረጉ። ፎቶው ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ታያለህ፤ አሁን የምታየው ንዴቱን ነው። ፊደሎቹ ደግሞ በግራ በኩል ቁልቁል ሮዝ፣ ከታች አግድም አረንጓዴ። አቀማመጡ ከኤልቪስ ፕሪስሊ የ1956 አልበም በቀጥታ የተወሰደ ነው። ይህን አላጥላላም። እኛም የምንሰርቀው ከጥሩ ታፔላ ነው።

ሦስት ቦታና የሽንት ቤቱ በር ቀርተውኛል። ምከሩኝ። «ይሄ አሪፍ ነው» ብቻ አይጠቅመኝም፤ ምክንያቱን ጻፉልኝ።

የሳቢያን ልጅ

ምን ያጠያይቃል? ኒርቫና፣ «ኔቨርማይንድ»፣ 1991። ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ሕፃን፣ ፊት ለፊቱ መንጠቆ ላይ የተሰካ አንድ ዶላር። ሮክ የማያውቅ ሰው እንኳን ያውቀዋል። ታይዋን ገበያ ቲሸርቱን አታጣውም።

ታፔላ ሠሪው

አሳይቶኛል። ሥራው ጎበዝ ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ ይዞ ወሬውን ጨርሷል። ሰማያዊው ቀለምም ፀሐይ ይችላል። ግን ሕፃኑ ራቁቱን ነው አቦ። በዚያ ማዕዘን እናቶች ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ያልፋሉ፣ ከመስጊድ የሚወጡ ሽማግሌዎችም ያልፋሉ። ዳይፐር ላልብሰው? ደግሞም ልጁ አድጎ በ2021 ባንዱን በፎቶው ከሷል፤ ክሱ ውድቅ ቢሆንም። ይለፈኝ።

ቲቸር (ሐረር)

ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሁለቱ ምርጫዎቼ አድሏዊ ናቸው፣ ይታወቅልኝ።

አንደኛው የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ነው፣ 1973። ጥቁር መደብ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት፣ ከግራ የሚገባ ነጭ ብርሃን፣ በቀኝ የሚወጣ ቀስተ ደመና። የባንዱ ስም የለም፣ የአልበሙም ስም የለም። ሐሳቡ ሂፕኖሲስ ከሚባለው የዲዛይን ቤት ነው፤ ሥዕሉን የሠራው ጆርጅ ሃርዲ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት ፎቶ ሰልችቶት ቀለል ያለ ነገር ስጡን ብሎ ነበር። ሰጡት።

ተማሪዎቼ ይህን ቲሸርት ከልባሽ ጨርቅ ገበያ ገዝተው ለብሰው ይመጡ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። የብርሃን ስብረት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ቦርድ ላይ በመሳል አልደክምም፤ አንዱን አስነስቼ ክፍሉ ፊት አቆመውና ደረቱን በጠመኔ እያመለከትኩ አስተምራለሁ። «ቀለሞቹን ቁጠሩ» እላለሁ። ሰባት ብለው ይመልሳሉ፣ መጽሐፉ ስለሚል። ደረቱ ላይ ያለው ግን ስድስት ነው። ኢንዲጎ የለም። ከሰማያዊውና ከሐምራዊው መሀል ዓይን ስለማይለየው ተዉት። ሌላም ስህተት አለ፦ ብርሃን መበተን የሚጀምረው ገና መስታወቱ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን ውስጡ ነጭ ሆኖ ይሰፋና ሲወጣ ብቻ ቀለም ያወጣል። ፈተና ላይ ቢሆን ሁለት ነጥብ እቀንስ ነበር። ግድግዳ ላይ ግን አልቀንስም፤ ልክ ቢያደርገው ኖሮ ያ ድንገተኛ ቀስተ ደመና አይኖርም።

ሁለተኛው የጆይ ዲቪዥን «አንኖውን ፕሌዠርስ» ነው፣ 1979። ጥቁር ላይ ነጭ መስመሮች፣ መሀላቸው ላይ የሚነሱና የሚወድቁ። አንድ ተማሪዬ የጋራ ሙለታ ሰንሰለት ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራክሮኛል። አይደለም። ኮከብ ነው። ጆስሊን ቤል በ1967 ካምብሪጅ ተማሪ ሳለች ያገኘችው የመጀመሪያው ፐልሳር የላከው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ፐልሳር ማለት እየተሽከረከረ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር የሬዲዮ ምት የሚልክ፣ እጅግ የታመቀ የሞተ ኮከብ ነው። ይሄኛው በ1.34 ሰከንድ ገደማ አንዴ ይዞራል። እያንዳንዷ መስመር አንድ ምት ናት። መስመሮቹ 80 ናቸው፤ አባዙት፣ ሽፋኑ ላይ ያለው በሙሉ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የኮከብ ድምፅ ነው። ንድፉን ለሽፋን ያዘጋጀው ፒተር ሳቪል ከሥነ ፈለክ መጽሐፍ ላይ ያለውን ወስዶ ቀለሙን ገለበጠው፤ መጽሐፉ ላይ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ነበር። የጨመረው ነገር ያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዲዛይነር እጁን መሰብሰብ ሲያውቅ እንዲህ ነው።

ታፔላ ሠሪው

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። 80 የተጠማዘዘ መስመር በእጅ! ልጁ ደግሞ ዋጋ ስነግረው «ሁለት ቀለም ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ለምን ተወደደ?» ነው የሚለኝ። እርስዎ የጻፉትን አስነብበዋለሁ።

ብረት ለበስ (ለገሃር)

ወንድሜ፣ ሥራህን አከብራለሁ። ግን ሽፋን ታፔላ አይደለም! ታፔላ እያለፍክ የምታየው ነው። የሸክላ ሽፋን ግን 30 ሴንቲሜትር በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ነገር ነው፣ ዘፈኑ እየዞረ እጅህ ላይ ይዘህ የምትቀመጥበት። አንዳንዱ ሽፋን ቀስ ብሎ ነው የሚገባህ።

ምሳሌ ልስጥህ። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያው አልበም፣ 1970። እንግሊዝ አገር ያለ አሮጌ የውሃ ወፍጮ፣ የደረቀ ሣር፣ መሀል ላይ ጥቁር ካባ የለበሰች ሴት። ቀለሙ የታመመ ነው። ከመንገድ ማዶ ብታየው የረጠበ ካርቶን ነው። እጅህ ላይ ስትይዘው ግን ሴትዮዋ ታይሃለች፣ ከዚያ አታስቀምጠውም። በአንተ መለኪያ ይሄ ይወድቃል፤ በኔ ግን አንደኛ ነው።

ቀሽሙስ? የነሱው ነው የሚያናድደኝ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፎቶ አንሺ፣ «ፓራኖይድ»። አልበሙ መጀመሪያ የጦርነት አሳማዎች የሚል ስም ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰውዬ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ጎራዴና ጋሻ ይዞ፣ ሮዝ ነገር ለብሶ ከዛፍ ኋላ ዘሎ ሲወጣ በሌሊት አነሱት። ከዚያ ኩባንያው ስሙን ቀየረ። ሽፋኑን ግን ተወው! ምርጥ የሄቪ ሜታል አልበም፣ ላዩ ላይ ሰርግ ላይ የጠፋ ሽለላ አውራጅ የመሰለ ሰው። ከአልበሙ ስም ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም።

ከመኪና ግርግር (ሐረር)

የምትከራከሩትን እያነበብኩ ሥራ ፈታሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስለዚህ ስለ ዚፕ ነው የማወራው። የሮሊንግ ስቶንስ «ስቲኪ ፊንገርስ»፣ 1971። የጂንስ ሱሪ ፎቶ ላይ የእውነት ዚፕ ተገጥሞበት ነበር፤ ሐሳቡ የአንዲ ዋርሆል ነው። ዚፑ ግን ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጫኑ ከላይ ያለውን እየተጫነ ያበላሽ ጀመር። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ዚፑን እስከ መሀል ከፈት አድርገው ላኩት። እንግዲህ ጥርሱ የሚያርፈው ሸክላው መሀል ባለችው ክብ ወረቀት ላይ ነው፣ ዘፈን በሌለበት። ይህን ያሰበ ሰው መርፌ የያዘ ሰው መሆን አለበት።

ታፔላ ሠሪው፣ ሸራ ላይ ሳለው፣ ዚፑን እኔ እሰፋልሃለሁ። እናቶች ያልፋሉ ካልከኝ ግን ይሄም ሊቀርብህ ነው።

ለሽንት ቤቱ ደግሞ የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ»፣ 1966። ሙዚቃው እኮ ግሩም ነው ይላሉ። ሽፋኑ ላይ ግን የሚያማምሩ ጎረምሶች ሳን ዲዬጎ መካነ አራዊት ገብተው ፍየል እየመገቡ ነው። በቃ። ፍየል! ሰው በአፉ እንጨት ይዞ ጅብ በሚያጎርስበት ከተማ ተቀምጬ ፍየል ማብላት እንዴት ይገርመኛል?

የካሴት ቤት ልጅ

አባቴ ካሴት ይሸጥ ነበርና አንድ ነገር ልበል። የፈረንጁን እናደንቃለን፣ የኛ ካሴት ሽፋኖችስ? በመቀስ የተቆረጠ የዘፋኙ ፎቶ፣ ከኋላው ፏፏቴ፣ ከፏፏቴው ጎን ጽጌረዳ፣ ከታች «ማባዛት በሕግ ያስቀጣል»። ቀሽምም ምርጥም ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚገዛው ፊቱን አይቶ ነው። ፊት የሌለው ሽፋን አባቴ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም ነበር።

ብረት ለበስ

ዘፋኝ ፊቱን ስላሳየ ብቻ አይሸጥም አቦ። የሮሊንግ ስቶንስን የ1986 «ደርቲ ወርክ» እየው። ፊት ሞልቷል፣ አምስቱም ሶፋው ላይ ናቸው፣ ልብሳቸው ግን ዓይን ይወጋል።

የሳቢያን ልጅ

እሺ ሕፃኑ ይቅር። «አቢ ሮድ»ስ? ቢትልሶች መንገድ ሲያቋርጡ። ከጀርባቸው ባለችው ነጭ ቮልስዋገን ፋንታ ባጃጅ ሳልበት። ድሬ ይሆናል!

ታፔላ ሠሪው

ይሄንኑ ባለቤቱም ጠይቆኛል። ዋናውን እወደዋለሁ። ኦገስት 8 ቀን 1969 ፎቶ አንሺው ኢያን ማክሚላን መንገዱ መሀል መሰላል ላይ ወጣ፣ ፖሊስ መኪና አስቆመለት፣ ስድስት ፎቶ አነሳ፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጀበት። አለቀ። እንዲህ ያለ ሥራ ያስቀናኛል። ነገር ግን በየአገሩ የራሱን ሰው በእግረኛ ማቋረጫ ዜብራ ላይ አሰልፎ ያልሳለው የለም። ባጃጅ ብጨምርበት ሰው ባጃጁን አይቶ ይስቃል፣ በሁለተኛው ቀን ቀና ብሎ አያየውም።

ብረት ለበስ ስለ ወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ያልከውን ትናንት ስልክ ላይ አጉልቼ ሳያት አመሸሁ። ልክ ነህ፣ ታያለች። ካፌው ውስጥ፣ ከጥጉ ጠረጴዛ በላይ፣ በትንሹ እንድሠራት ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ። ውጪ ግን አልሰቅላትም፤ እዚያ የኔ መለኪያ ነው የሚሠራው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። «ለንደን ኮሊንግ» ዛፉ ጥላ ሥር፣ ምክንያቱም ሮዙ ፀሐይ ካገኘው አይከርምም። የቲቸር መስታወት ከጎኑ፣ እሱም ጥላ ውስጥ፣ በቀዩ ምክንያት። ኮከቡ ፀሐዩ ላይ ይሁን፤ ጥቁርና ነጭ ምንም አይለውም። ዋጋውንም ተስማምተናል፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የኮከብ ድምፅ ነው ስለው ዝም አለ።

አራተኛው ነው ያጣላን። ቲቸር የጠቀሱት ሂፕኖሲስ ለፒንክ ፍሎይድ በ1970 የሠራው ሌላ ሽፋን አለ፦ ሜዳ ላይ የቆመች ላም ዞር ብላ ታይሃለች፣ ጽሑፍ የለም፣ ምንም የለም። እኔ ሳያት ሥራዬን ልለቅ ነበር። ከዚህ በላይ ግልጽ ታፔላ የት አለ? ችግሩ ካፌው አጠገብ ሥጋ ቤት አለ። ባለቤቱ «ሰው ሁሉ የሥጋ ቤቱ ታፔላ ይመስለዋል» ብሎ እምቢ አለ። ሥጋ ቤቱ ደግሞ ሰምቶ ወጪውን ግማሽ ልክፈል ብሎ መጥቷል። ገና አልተዘጋም።

ለሽንት ቤቱ በር «ፓራኖይድ» አሸንፏል። ፍየሎቹ ብዙ ናቸው፣ በሩ ጠባብ ነው።

ብረት ለበስ

ቆይ! ቀሽም አልኩ እንጂ ሽንት ቤት በር ላይ ይሁን አልኩ? ያ አልበም የሚከበር አልበም ነው!

ታፔላ ሠሪው

አልበሙን አልሳልኩም፣ ሰውየውን ነው። ይልቅ እርዳኝ፤ የለበሰው ስልክ ላይ አንዴ ሮዝ አንዴ ብርቱካን ይመስለኛል። ሸክላው ያለው ሰው ካለ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ቅዳሜ ቀለም ልቀላቅል ነው።