ከጎን የሚያልፈው የሸክላ ዒላማ አልመታ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ ምክር ለግሱኝ። መጸው ሲገባ ወፍ አደን ከመውጣቴ በፊት በሸክላ ዒላማ (በማሽን ወደ አየር በሚወረወር የሸክላ ዲስክ) እጄን አፍታታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከአደኑ ይልቅ እሱ ሳይበልጥብኝ አይቀርም። ከፊቴ ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሚርቀውን ዲስክ እምብዛም አልስተውም። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጠው ግን አልመታ ብሎኛል። አጠገቤ የሚቆሙት «ከኋላው ነው የምትተኩሰው» ይሉኛል።

ስሌቱስ ይገባኛል፦ ከጠመንጃው ተበትነው የሚወጡት የእርሳስ እንክብሎች 30 ሜትር ለመድረስ ወደ 0.1 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል፤ በሰከንድ 15 ሜትር የሚበር ዲስክ በዚያች ቅጽበት 1.5 ሜትር ይሄዳል። ያን ያህል ልቅደም ስል ግን ዓይኔ ከዒላማው ወደ አፈሙዙ ይመለስና ጠመንጃው እጄ ላይ መንቀሳቀሱን ያቆማል።

ቆቅ አቁስዬ መልቀቅ ስለማልፈልግ ይህን ሳልፈታ አደን አልወጣም። ከኋላ ተነስቶ ዒላማውን እያለፉ መተኮስ ይሻላል ወይስ ከመጀመሪያው ቀድሞ አብሮ መሄድ? የምተኩሰው በቀኝ ትከሻዬ ነው፣ የሚመራው ዓይኔ (ሳነጣጥር አእምሮዬ ይበልጥ የሚከተለው) ግን ግራው ይመስለኛል፤ ጣጣው ሁለቱንም ከፍቼ መተኮሴ ይሆን? ሰፋ ያለ ቾክ (እንክብሎቹ የሚበተኑበትን ስፋት የሚወስን የአፈሙዝ ማጥበቢያ) መግጠምስ ለውጥ ያመጣል? የሞከራችሁት ካለ ብትነግሩኝ።