በእቃቃ ጨዋታ እውነት መናገርን እንዴት ላስተምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የምኖር የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ልጆቼ 4 እና 5 ዓመታቸው ነው። እውነት መናገርን በምክር ከማሰለቻቸው በእቃቃ ይግባቸው ብዬ የበግ ገበያ አቋቋምን። በጉ ከጭቃ፣ ብሩ ከቆርኪ። መልስ የበዛለት ይመልሳል፣ ሻጩም የበጉን እንከን ይናገራል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁሉም አጭበርባሪውን ነጋዴ መሆን ነው የሚፈልጉት! አንዷ እግሩ የተሰበረውን በግ ይዛ "የመንዝ በግ እኮ ነው፣ ተኝቶ ነው" ብላ ሸጠችው። ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። (አነጋገሯ ቁርጥ የገበያ ሰው፤ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።) እውነቱን ለሚናገረው ግን ማን ያጨብጭብለት?

ይባስ ብሎ አሁን የጓደኛውን እርሳስ የወሰደ ሁሉ "ጨዋታ ነው እኮ ቲቸር" ይለኛል። በዚህ ዕድሜ መዋሸት መጀመር የእድገት አካል እንደሆነ አውቃለሁ፤ መቅጣትም ማሸማቀቅም አልፈልግም። "ጅብ መጣ" እያለ የሚዋሸውን እረኛ ተረትም ነገርኳቸው። የወደዱት ጅቡን ነው።

እስቲ እርዱኝ። እውነተኛው ነጋዴ እንዲያሸንፍ ጨዋታው ላይ ምን ልጨምር? ጨዋታው ማለቁንስ በምን ላሳውቃቸው፣ በደወል ወይስ በዘፈን? የሞከራችሁት ካለ ጻፉልኝ፤ ሰኞ ገበያው ይከፈታል።